ያረፈው ማሳ

ከተማው እንደ ዓይን አውጣ እንግዳ ነበር አመጣጡ። መጀመሪያ ደጃፍ ላይ ቆመ፣ ቀጥሎ በርጩማ ሳበ፣ ኋላ አልጋውን ጠየቀ። የብሎኬት ማምረቻው ሜዳውን ያዘ፤ የመኪና እጥበቱ ከምንጩ አጠገብ ተከፈተ። የመጨረሻው የመንገድ መብራት ደግሞ ከአስተኚዋ ማሳ ጥግ ተተከለ።

አስተኚዋ ያሏት ጎረቤቶቿ ናቸው። ሌላው በየዓመቱ ሲያርስ እሷ አልፎ አልፎ ማሳዋን ጦም ታሳድራለች። «አፈር እሹሩሩ ብላ ታስተኛለች» ብለው ሳቁባት፤ ስሙ በዚያው ጸና። ከሟች ባሏ የቀራት ያ ማሳ ብቻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ የማረፊያው ዓመት ነበር።

ስብሰባው የተጠራው በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹ በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተቀምጠዋል። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፎ፣ «የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት» አለ። «ከእንግዲህ የሚታረስ መሬት አይነካም። ከተማው የሚወስደው ባዶውን ብቻ ነው።»

ሰው አጨበጨበ። አስተኚዋም አጨበጨበች።

«በእናንተ በኩል መንገድና ቤቶች ይመጣሉ፤ ወይ በላይኛው ማሳ ወይ በታችኛው። ከነገ ወዲያ መጥተን ባዶ ሆኖ ያገኘነውን እንወስዳለን።»

ላይኛው የዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ ባቄላ ዘርቶበታል። ታችኛው የእሷ ነው፤ ሣርና እሾህ ብቻ። ጭብጨባዋ እጇ ላይ ቀረ።

ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ዋርሳዋ ጋራዥ ሄደች። የትራክተሩን ጎማ በጨርቅ ይወለውላል።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ትራክተሩን አውሰኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ማሳዬን ላርስበት ነዋ።»

«አስተኝተሽው የለም እንዴ? ሕፃን ሲቀሰቅሱት እኮ ያለቅሳል።»

ሚስቱ ከጓዳ ስትስቅ ተሰማች።

«ጋሼ በሞቴ፣ ቀልዱን ተወው።»

«እሺ፣ ተውኩት። አላውስሽም።» ጨርቁን አጥፎ ጎማው ላይ አስቀመጠ። «አንቺም ካረስሽ ሁለታችንም አራሽ ሆንን ማለት ነው። ያን ጊዜ ዓይናቸው የት የሚያርፍ ይመስልሻል? የእኔ ሜዳ ነው፣ ለመንገድ ይመቻል። እንደ እህቴ ነው የማይሽ፤ ግን ከራስ በላይ ነፋስ።»

«የወንድምህ መሬት እኮ ነው።»

«ወንድሜ ሞቷል። እኔ አለሁ።»

በማግስቱ በዶማ ጀመረች። መኪና ሲመጣ ቀድሞ በሚታየው በኩል፣ እሾሁን እየነቀለች፣ ጎንበስ ብላ ዋለች። እጇ ተላጠ። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀና ብላ ብታይ የገለበጠችው አንድ ምንጣፍ አያህልም።

መሐንዲሱ ሲመጣ ጫማው አዲስ ነበር። የተቆፈረውን በጫፉ ነካ አደረገና፣ «ይሄ የትናንት ሥራ ነው» አለ።

«አርፎ ነው እንጂ ባዶ አይደለም፣ ጌታዬ። ለመጪው ዓመት ነው ያሳረፍኩት።» አፈር ዘግና አሳየችው። ለሱሪው ሰግቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«እናቴ፣ እኛ የምናየው ሰብል ነው።» ከዚያ ከባቄላው ዳር ወደ ቆመው ዋርሳዋ ዞረ። «አንተ ጎረቤት ነህ። እውነት እሷ የምታርሰው መሬት ነው?»

አስተኚዋ ዓይኑን ፈለገችው። እሱ ባቄላውን ያይ ነበር።

«ምን ልበልህ» አለ። «ወንድሜ ከሞተ ወዲህ አቅምም የላት። እንዲሁ ጦሙን የሚያድር ነው።»

ቀይ ቀለም የተቀቡት ችካሎች በዚያው ቀን ተመቱ።

ግሬደሩ ሊመጣ ሲል ዋርሳዋ ትራክተሩን ከነተሳቢው ይዞ መሃል ማሳዋ ገባ። ሚስቱም አካፋ ይዛ ከኋላ ተከተለች። አስተኚዋ ከቤቷ ሮጣ ደረሰች።

«አፈሩን እንድወስድ ማዘጋጃ ቤቱን አስፈቅጃለሁ» አላት፣ ሳትጠይቀው። «አስፋልት ሊለብስ ለምን ይቅር? የእኔማ ደክሟል፣ ባቄላው ቢጫ ሆኖብኛል። ያንቺ አፈር ግን ቅቤ ነው።»

«ቅቤ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅኸው?»

«ኧረ ድሮ ነው የማውቀው።»

አካፋውን ከሚስቱ ተቀብሎ በእግሩ ረግጦ ወደ ታች ሰደደው። ከሥር ያለው ነጭ ጭንጫ ብቅ አለ።

«በጥልቅ አትቆፍር» አለች። ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት። «ነጩ ከተቀላቀለበት ይበላሻል።»

«ሰማሽ?» አለ ለሚስቱ። «ላይ ላዩን ብቻ ዛቂ። ድሮም ደግ ናት።»

ተሳቢው እስኪሞላ ቆማ አየች። አፈሩ መንገድ ላይ እንዳይፈስ ሸራ ሊያለብሱት ሲሉ አንድ ሰው ጎደላቸው።

«እስቲ ይቺን ጫፍ ያዢልኝ፣ እህቴ» አላት።

ያዘችለት።