የቀኝ ወንበር

ጁሀራ ሄልሜቱን አጥልቃ ማሰሪያውን አገጯ ሥር ልትቆልፈው ብትጎትት አልደርስ አላት። ደግማ ጎተተችው። ባሏ አብዲ ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ሲያመጣላት፣ "ከእንግዲህ ይሄ ጭንቅላት የኔ ኃላፊነት ነው" ብሎ በልኳ አስተካክሎ የቆለፈላት እሱ ራሱ ነበር። አሁን ማሰሪያው አጥሯል። የውስጡ ስፖንጅም የእሷ ያልሆነ የፀጉር ቅባት ይሸታል።

"ጁሂ! እኔ ደግሞ እዚህም እዚያም ስፈልገው!"

ዮዲ ከመኪናው ኋላ ብቅ አለች። በአብዲ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሂሳብ የምትሠራ የጎባ ልጅ ናት፤ ስትስቅ ትከሻዋ ሁሉ ይስቃል።

"ጠበበሽ እንዴ?" አለች።

"ሄልሜቱስ አልጠበበኝም። ማሰሪያው ነው ያጠረው።"

"እሱማ እኔ ነኝ ያሳጠርኩት። አብዲሻ፣ 'አንቺ አገጭ የለሽም' እያለ ሲስቅብኝ!"

አብዲሻ። ጁሀራ ባሏን እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም። ሄልሜቱን አወለቀችና ለእንግዳ ዕቃ እንደሚያቀብል ሰው በሁለት እጇ ሰጠቻት። ዮዲም አመስግና ተቀበለች። አብዲ ጎንበስ ብሎ ጎማ እያየ ነበር፤ ቀና አላለም።

ወሩ ጥር ነው። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የጁሀራ አባት መሬት ስንዴው ተነሥቶ ገለባው ብቻ ቀርቷል። የሁለቱ ከተማ ጎረምሶች በየዓመቱ አዝመራ ሲያበቃ አሮጌ መኪና ይዘው እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ይወጣሉ። ተጋፍቶ መቅደም የለም። መኪናዎቹ ተራ በተራ ብቻቸውን ይሄዳሉ፣ በቢጫ ጀሪካኖች መካከል ይጠማዘዛሉ፤ ጀሪካን ሳይነካ በአጭር ጊዜ የጨረሰ ያሸንፋል። ሽልማቱ ሙክት ነው። ማንም ግን ለሙክቱ ብሎ አይመጣም፤ እስከ ከርሞ ጥር የሚወራለት ሰው ለመሆን ነው እንጂ።

አብዲ ሲነዳ ከቀኙ ተቀምጣ ኩርባውን አስቀድማ የምትነግረው ጁሀራ ነበረች። "ልጅ ይዤ እዚያ ወንበር ላይ አልወጣም" ያለችውም ራሷ ናት። አምና እርጉዝ ሆና ቆማ ስታይ ከነጂዎቹ የአንዱ፣ የዲማ መኪና በጎኑ እየተንሸራተተ ሄዶ ጎማው አፈር ነከሰ። ዞሮ ተገለበጠና ተመልሶ በጎማው ቆመ። ሰዉ ትርዒት መስሎት አፏጨ። ዲማ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ እንደነበር የታወቀው ኋላ ነው። ዘንድሮ ዲማ አይነዳም። መነሻው ላይ ቆሞ ባንዲራ ያወርዳል፤ በተረፈለት ቀኝ እጁ።

ስለዚህ ጁሀራ ወንበሩን ለቀቀች። ለቀቀች እንጂ ለሰው አልሰጠችም። ይህን ለአብዲ ልትነግረው ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ ዘግታዋለች። የራሷ ፋርማሲ ያላት፣ የተማረች ሴት ለወንበር ቀናች መባሉን ፈርታ ነው።

የአብዲ ተራ ደረሰ። መኪናው ወደ አንገቱ ከተማ ለሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ብሎ ሞላውን ከፍ ያስደረገው አሮጌ ዲኤክስ ነው። ዲማ "ረጅም መኪና ጎኑን ሰጥቶ ሲሄድ እግሩን ከተያዘ አይመለስም፤ ዝቅ አድርገው" ቢለው፣ "አንተ እጅህን ባታወጣ ምንም አልሆንክም ነበር" ብሎ አልፎታል። ባንዲራው ወረደ። አቧራው ተነሣ። ጁሀራ የምታየው መኪናውን ሳይሆን አሁን ከአብዲ ቀኝ የተቀመጠችውን የዮዲን አፍ ነበር፤ እሷ ስትናገር እሱ ሲታጠፍ፣ እሷ ስትናገር እሱ ሲታጠፍ።

አጠገቧ ከጎባ ቅቅል ድንች ሊሸጡ የመጡት አሮጊት፣ አደ ሽቶ፣ ቆመዋል።

"ያቺ ሚስቱ ናት?" አሉ።

"አይደለችም።"

"ኧረ! ሲግባቡ አይቼ ነው እኮ። ማሻአላህ፣ ገና አፏን ሳትከፍት ይሰማታል። አንቺስ የማን ነሽ የኔ ልጅ?"

ጁሀራ ትንሽ አሰበች። "የመሬቱ ነኝ" አለቻቸው።

አብዲ አንድም ጀሪካን ሳይነካ ጨረሰ። ከሁለተኛው ዙር በፊት የጁሀራ ታናሽ ወንድም ሙህዲን ሜጋፎኑን አነሣ። የሚኖረው አዳማ ነው፤ ለውድድሩ ብሎ ነው የመጣው።

"ሕዝቡ አቧራ አምሮታል!" ብሎ ጮኸ። "ኩርባውን ወደናንተ እናምጣው ወይ?"

ሰዉ አፏጨ። ሙህዲን ሁለት ሰዎች ይዞ የመጨረሻዎቹን ጀሪካኖች ወደ ተመልካቹ አስጠጋቸው። ያ ኩርባ ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው።

ጁሀራ ጀሪካኖቹ የቆሙበትን አየች። ከእነሱ አለፍ ብሎ፣ ገለባው ሜዳ መስሎ በተኛበት ቦታ፣ ቦይ አለ። ባለፈው ክረምት ውሃ ስንዴው ላይ ተኝቶ አልወጣ ሲል፣ አባቷ ከአልጋ ሳይነሡ "ልጄ፣ ውሃውን አስወጪው" ብለዋት፣ ቦት ጫማ አድርጋ ሠራተኞቹ ራስ ላይ ቆማ ያስቆፈረችው እሷ ናት። አባቷ ስንዴው ሲደርስ አላዩትም። ኮምባይነሩ ደግሞ ሲያጭድ የተፋው ገለባ ቦዩን ሞልቶ ደፍኖታል።

ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና የሚንሸራተተው ወደ ቀኝ ነው። ቦዩ ጎማውን ከያዘው በቀኝ ጎኑ ነው የሚወድቀው። በቀኝ በኩል የተቀመጠችው ዮዲ ናት።

ይህን አሰበች። አስባም ቆመች። የቆመችው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ግን መቆም ከሚገባት በላይ ነው የቆመችው፤ ይህን እሷ ታውቀዋለች። ዮዲ ከሩቅ አንዷን ጓደኛዋን አይታ እጇን በመስኮት አውጥታ ስታውለበልብ ነው ጁሀራ የነቃችው። እየሮጠች ወደ መኪናው ሄደች።

"አብዲ፣ ከአዲሱ ኩርባ ውጭ ቦይ አለ። ገለባ ሸፍኖት ነው።"

"ጠዋት በእግሬ ዞሬዋለሁ።"

"ጠዋት ኩርባው እዚያ አልነበረም።"

አብዲ መሪውን እንደያዘ አያት። "ጁሂ፣ ጠዋት ማሰሪያ አጠረ። አሁን ቦይ ተገኘ። ቀጥሎ ምን ልታገኚልን ነው?"

ዮዲ አቀርቅራ ጉልበቷን ታያለች። ሙህዲን ሜጋፎኑን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። "አቦ፣ ምንድን ነው የሚያቆማችሁ?"

"ቦይ አለ ትላለች።"

"የአባቴ መሬት ላይ? ቦይ ቢኖር እኔ አላውቅም?"

"አንተ አዳማ ነበርክ" አለች ጁሀራ። "አባባ ሲታመሙም አዳማ ነበርክ።"

ሙህዲን ፊቱ ቀላ። ወደ አብዲ ዞረና፣ "ቀንታ ነው እኮ! ተዋትና ንዳ!" አለው። ሜጋፎኑን አላጠፋውም ነበር። ቀንታ ነው እኮ የሚለው ድምፅ በሜዳው ላይ ዞሮ መንገዱ ድረስ ተሰማ። ሕዝቡ በአንድ አፍ ሳቀ። ከሳቁ መካከል የአደ ሽቶ ድምፅ ብቻውን ወጣ፤ "ውይ! ለካ ሚስቱስ እሷ ናት!"

ጁሀራ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ባጃጅ አቁማ ሮቤ ብትገባ፣ ልጇን ከእናቷ ተቀብላ በሯን ብትዘጋ ማንም አይወቅሳትም። ቀንታ ሄደች ይላሉ፤ እሱንማ ብለውታል። እጇን ዘረጋችና ሜጋፎኑን ከወንድሟ አንገት አወጣችው።

"አዎ" አለች። ድምፅዋ ከሜዳው ሲመለስላት ራሷን አስደነገጣት። "ቀንቻለሁ። ቦዩም እዚያ ነው።"

ሜጋፎኑን ለሙህዲን መልሳ ወደ ሜዳው ገባች።

"ዲማ፣ አስነሣኝ!" አለ አብዲ።

ዲማ ባንዲራውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገው። "እሷ ሳትመለስ አላወርድም። ወላሂ አላወርድም።"

ጁሀራ ጀሪካኖቹን አለፈች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገለባውን በእግሯ እየመታች ሄደች። መሬቱ ጠንካራ ነው፣ አሁንም ጠንካራ ነው። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆን ብላ ስታስብ ቀኝ እግሯ ከሥሯ ጠፋ። እስከ ታፋዋ ሰመጠች፤ በእጆቿ ገለባ ላይ ወደቀች።

ቀድማ የደረሰችው ዮዲ ናት። "እግርሽ! እግርሽን ምን ሆንሽ?" እያለች በብብቷ ይዛ አወጣቻት። አብዲ ኋላዋ ደረሰ። ገለባውን በጫማው ገፋ፣ ገፋ፣ የጥቁሩ አፈር ግድግዳ ወጣ። ከዚያ ዞሮ ጀሪካኖቹን አየ፤ ከጀሪካኖቹ መኪናው ይመጣበት የነበረውን መስመር፤ ከመስመሩ ዮዲን።

"በቀኝ በኩል" አለ።

"በቀኝ በኩል" አለች ጁሀራ።

ሙህዲን ጀሪካኖቹን ወደ ቦታቸው ይመልስ ጀመር። አብዲ ከሚስቱ ቀሚስ ላይ ገለባ ሊያራግፍ ጎንበስ አለና ሰው እያየው መሆኑን አስታውሶ ቀና አለ።

"በይ ነይ ግቢ" አላት። "ይህቺን ዙር አንቺ ነሽ የምትወጪው። ዮዲ፣ ሄልሜቱን ስጫት።"

ዮዲ ዘለበቱን ፈታች። ሄልሜቱን በሁለት እጇ ዘርግታ አቀረበችላት፤ አሁን አልሳቀችም።

ጁሀራ ተቀበለች። ማሰሪያውን በልኳ ለማርዘም የአፍታ ሥራ ነው። ወንበሩም ዓመት ሙሉ የተመኘችው ወንበር ነው። ግን አፍሮ የሰጣት ነገር መሆኑን ከድምፁ ሰምታለች። ደግሞ ያችን ማንም ያላያትን፣ ቆማ ዝም ያለችባትን ጊዜ ይዛት እዚያ ላይ መቀመጥ አቃታት።

"ወዲህ ዙሪ" አለቻት ዮዲን።

ሄልሜቱን መልሳ አጠለቀችላት። አገጯን በጣቷ ቀና አደረገችና ማሰሪያውን ጎተተች። ልል ነበር፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ልል ነበር። እስኪጠብቅ ሳበችና ዘለበቱን ቆለፈችው።

"እጅሽን ከመስኮት አታውጪ።"

"እሺ፣ ጁሂ።"

"ለከርሞ ደግሞ የራስሽን ግዢ" አለቻት፤ እጇ ገና ከማሰሪያው ላይ አልተነሣም። "ይሄ የኔ ነው።"

ዮዲ ልትስቅ ትከሻዋ ተነሣ። የጁሀራን ዓይን አየችና ተወችው።

"ያንቺ ነው" አለች።