የባቡሮቹ ማደሪያ

ባሕር ዳር ባቡር የለም። ዓባይ ማዶ፣ እኛ ቤት ግን አለ! ባሌ ሕዝቅኤል ትርፍ የነበረችንን አንዲት ክፍል በጠረጴዛ ሞልቶ ሐዲድ ዘርግቶባታል። ጣት የምታህል ባቡር እዚያው ስትዞር ትውላለች፤ ከጠረጴዛው ወርዳ አታውቅም። ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ አሉ።

ይሁን ብዬ ችዬው ነበር። ዘንድሮ ግን እናቴ ወለተ ኪዳን ከዱርቤቴ ጠቅልላ ልትመጣ ሆነ። ጉልበቷ ከድቷታል፤ ውሃ እንኳ ብቻዋን መቅዳት አቅቷታል። ስንት ዓመት ስለምናት ኖሬ እሺ ያለችኝ አሁን ነው፤ ዶሮዎቿን ሁሉ ለጎረቤት ሰጠች። ሕዝቅኤልን፣ «ከመስኮቱ ሥር ለአልጋዋ የሚሆን ቦታ ብቻ ተውልኝ» አልሁት።

«ይምጡ እንጂ! ለእማማ ያልሆነ ቦታ ለማን ሊሆን ነው?» አለኝ።

በዚያው ሰሞን ምን ቢያምረው ጥሩ ነው? ባቡሮች የሚያድሩበት ክብ ቤት! መሐሉ ላይ ባቡሯን ተሸክሞ የሚዞር ሰሌዳ ይኖራል፤ ሰሌዳው እየዞረ ወደየማደሪያዋ በር ያደርሳታል። «ለክቼዋለሁ፣ አልጋውን አይነካም» አለ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ። አይ የኔ መሐንዲስ!

ሕዝቅኤል የዘጌ መሪጌታ ልጅ ነው። ክብ ቤት ሲባል የሚያውቀው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መሐሉ ዝግ፣ በሮቹ ወደ ውጭ። እንደዚያው አድርጎ ከኮምፔንሳቶ ሠራው። ያምራል፣ አልዋሽም። ባቡሯን በእጁ ሰሌዳው ላይ አስቀምጦ ቢያዞራት በምሥራቅ ግድግዳ፣ በምዕራብ ግድግዳ! በሮቹ ወደ መሐል፣ ወደ ሰሌዳው መከፈት ነበረባቸዋ።

«ባቡሯ ልትሳለም ነው የመጣች?» ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። «በል አፍርሰህ ሥራው» ብለው፣ ምን በወጣው! «የቆመ ቤት አይፈርስም፤ ሐዲዱን በውጭ አዙሬ በበሮቹ አስገባዋለሁ» አለ። በውጭ ለማዞር ጠረጴዛው መስፋት ነበረበት። ሰፋና ከመስኮቱ ሥር ግድግዳው ጋ ገጠመ። ስጮህበት፣ «ትንሽ ቀን ስጪኝ፣ አስተካክለዋለሁ» እያለኝ እናቴ ደረሰች።

ጋቢዋን፣ ምንጣፏን፣ ድስቷን ሳይቀር በባጃጅ ጭና መጣች። እሱ ደግሞ አፏን ውሃ እንኳ ሳይነካው እጇን ይዞ ወደ ጠረጴዛው! «እማማ፣ ይህ የባቡሮቹ ማደሪያ ነው።» እናቴ ክቡን ቤት አየች። ከዚያ የክፍሉን ጥግ ሁሉ በዓይኗ ዞረችው።

«ጎሽ ልጄ፣ ማደሪያ ሰጠሃቸው» አለችው። ወደ እኔ ዞራ፣ «እኔማ ናፍቃችሁኝ፣ ዓይናችሁን ልይ ብዬ ነው። ነገ እመለሳለሁ» አለች።

ለመንሁ፣ አለቀስሁ፣ እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ አልሆነም። በማግስቱ ጓዟን ሳትፈታው ይዛው ተመለሰች።

ሕዝቅኤል እስከ ዛሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ክቡን ቤት እያሳየ፣ «እማማ ራሳቸው አይተው ጎሽ ብለውኛል» ይላል።