ሦስተኛው የጭቃ ሰው

ሸዋረግ ሦስተኛውን የጭቃ ሰው ያየችው ሊቀ መንበሩ ካየው በኋላ ነበር።

ቀድማ ልታየው ትችል ነበር። የወላጆች በዓል ነው። የአምስተኛ ክፍል ልጆች ሰፈራቸውን በጭቃና በጭድ ቀርጸው ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተውታል። ልጇ ብዙዬ ገና ከበር እጇን ይዛ እየጎተተች፣ “ይኸው ቤተ ክርስቲያኑ! ይኸው ወፍጮ ቤቱ! ይኸው የኛ ቤት!” ስትላት፣ ሸዋረግ “ጎበዝ፣ ጎበዝ” እያለች በዓይኗ አዳራሹን ትቃኝ ነበር። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ከማን ጋር ያንሾካሹካል። ተፈጥሮዋ ነው። ሰርግ ቤት ገብታ መውጫውን የምታይ፣ ሰማይ ሲጠራ በረዶ የምትጠብቅ ሴት ናት። መካነ ሰላም ውስጥ እንደ እሷ ክፉን ቀድሞ የሚያስብ የለም። ክፉው ግን ከጭቃ ይመጣል ብላ አላሰበችም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ላቀው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በየቤቱ የቆሙትን አውራ ጣት የሚያህሉ የጭቃ ሰዎች እያየ ይስቅ ነበር። የራሱን ቤት አገኘ፤ ስድስት ሰው፣ ልክ ነው። የጎረቤቱን ቆጠረ። ከዚያ ሸዋረግ ቤት ላይ ሲደርስ ሳቁ ቆመ።

“ወይዘሮ ሸዋረግ፣ እናንተ ቤት ሁለት አይደላችሁም እንዴ?”

ያን ጊዜ ነው ያየችው። ትልቋ እሷ፣ በሩ ላይ። ትንሿ ብዙዬ፣ ከጎኗ። ሦስተኛው ግን በጓሮ በኩል፣ ጭድ ቤቱ ውስጥ፣ በጀርባው ተኝቷል።



የመጀመሪያ ልጇ አካሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አባቱ በስልሳ ዘጠኙ ጥሪ ሚሊሺያ ሆኖ ታጠቅ ጦር ሰፈር ወርዶ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ተጭኖ አፈሩ እንኳን የት እንዳለ አልታወቀም። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ጎረምሳ ከገበያ መታፈስ ሲጀምር ሸዋረግ አስቀድማ ወሬውን አስነገረች። “አካሉ ቅኔ ሊማር አባይን ተሻግሮ ጎጃም ገብቷል” አለች። የቤተ ክህነት ዘር ናቸውና ሰው ሁሉ አመነ። “እሰይ፣ የአያቱን መንገድ ያዘ” ብለው የመረቁም ነበሩ። እሷ ጭድ ቤት ደበቀችው።

ያላሰበችው ነገር አልነበረም። ሳል ሲመጣበት ጋቢውን እንዲነክስ አስተማረችው። ለብዙዬ “ጭድ ቤቱ ውስጥ እባብ ገብቷል፣ በሩን እንዳትነኪ” አለቻት። ስለ ወንድሟም ለጎረቤት ያወራችውን ያንኑ ነገረቻት። ያላወቀ አይናገርም፤ ልጅ ደግሞ አፉ ወንፊት ነው። ይኼ ብልሃቷ ነበር፣ በልቧ የምትኮራበት።

ውሸት ለእሷ አዲስ አይደለም።

“አባቷን ነው” አለች ቀስ ብላ። “አባቷን ሳታውቀው ነው ያደገችው። ምን ላድርጋት ጓድ ላቀው፣ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋታል።”

ቁጭ ብለው ያዩ የነበሩ እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ሊቀ መንበሩም ራሱን ነቀነቀ። ወደሚቀጥለው ቤት ሊያልፍ እጁን አነሳ።

“አይደለም እማዬ” አለች ብዙዬ። “አባባ አይደለም። እዚህ ቤት የማያድር ሰው አይቆጠርም ተባብለናል።”

“ብዙዬ፣ ተይ።”

“በቡድን ተከራክረንበት እኮ ነው!”

የልጆቹ አስተማሪ መምህር አሻግሬ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ነበር። ደሴ ስልጠና ገብቶ ከተመለሰ ወዲህ አዲስ አመል ይዞ መጥቷል። የትምህርት ሬዲዮው ገና ሲያስተምር በመሐል ጆሮውን ጠምዞ ይዘጋውና፣ “ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም። እናንተ ሁለቱንም ትችላላችሁ። በሉ ተከራከሩ” ይላቸዋል። ‘መምህር ነገረኝ’ የሚል መልስ አይቀበልም። አየሁ፣ ጠየቅሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር መከርኩ፣ ነው። ሸዋረግ ደሴ እስከ አሥረኛ ክፍል የተማረችው በግልበጣና በልምጭ ስለነበር፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥታ ያመሰገነችው እሷ ራሷ ነበረች።

አሁን መምህሩ የሸዋረግን ፊት አየ። ምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ነገር እንደሆነ ገባው።

“ብዙዬ፣ መሳሳት እኮ ያለ ነው” አለ ፈጠን ብሎ። “አንሺውና እንቀጥል።”

ልጅቷ ተገርማ አየችው። “ቲቸር፣ ‘ተሳስታችኋል የሚላችሁ ሰው በማስረጃ ያሳያችሁ፤ እኔም ብሆን’ ብለውን የለ እንዴ?”

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሊቀ መንበሩ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

“እውነቷን ነው! አስረጂን የኔ ጎበዝ። ማስረጃሽ ምንድን ነው?”

ብዙዬ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች፤ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው። “እማዬ ጭድ ቤት እባብ አለ ትላለች። እባብ ግን አያስልም።”

“ወላሂ እኔም ሳሉን ሰምቻለሁ!” አለች የቡድኗ ልጅ ሀሊማ ከኋላ። “የቡድናችን ልጅ ንጉሡ ‘ሌባ ነው’ አለ። እኔ ‘ሌባ ቢሆን ውሻው ይጮህ ነበር’ አልኩት።”

“ውሻችን ለእንግዳ ይጮኻል” አለች ብዙዬ። “ወደ ጭድ ቤቱ ግን ጭራውን ነው የሚቆላ። ስለዚህ የሚያውቀው ሰው ነው። ደግሞ ሁለት ሆነን የሦስት ሰው እንጀራ ያልቃል።”

“ማሻአላህ!” አለ ሊቀ መንበሩ። ድምፁ ለስልሶ ማር ሆኗል። “ውሻው የሚያውቀው ማን ይሆን ታዲያ?”

ብዙዬ እናቷን ዘወር ብላ አየች። የእናቷን ፊት እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ድምፏ ወረደ፤ ግን ጀምራዋለችና ጨረሰችው።

“አካሉ ይመስለኛል። ቅኔው ከብዶት ተመልሶ… ሰው እንዳይስቅበት አፍሮ ነው ብለን ነው። እኛ ከቆጠርነው እማዬም ወደ ቤት ታስገባዋለች ብዬ ነው።”

 ንፍጡን የሚስብ ሕፃን ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

“አጨብጭቡላት እንጂ!” አለ ሊቀ መንበሩ።

ተጨበጨበ። ወላጆቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አጨበጨቡ። ሊቀ መንበሩ ሸዋረግን ሲያያት እሷም አጨበጨበች። እጇ ለእጇ ባዕድ ሆነባት።

“እንዲህ ነው ማስተማር!” አለ መምህሩን ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። “ለሌሎቹም ሰፈሮች እንዲህ ያለ ይሠራልን። እኛ ዓመት ሙሉ የደከምንበትን ልጆቹ በጭቃ ጨረሱት እኮ!”

መምህር አሻግሬ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

በር ላይ የነበሩ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን አንግተው ወጡ። ሸዋረግ ልትነሣ ስትል ሊቀ መንበሩ፣ “ወዴት ነው? የልጅሽን መዝሙር ሳትሰሚ?” አለና ከጎኑ አስቀመጣት። ልጆቹ ዘመሩ። ግጥም ተነበበ። ሊቀ መንበሩ ስለ እናት አገር ረዥም ንግግር አደረገ። ሸዋረግ የውሻዋን ጩኸት በሐሳቧ እየሰማች፣ ሰው ባጨበጨበ ቁጥር አጨበጨበች።

ቤት ሲደርሱ የጭድ ቤቱ በር ተገንጥሎ ወድቋል። ጭዱ በግቢው ሙሉ ተበትኗል። ውሻው የለም፤ በኋላ አጥር ሥር ሞቶ ተገኘ።

ብዙዬ ሁሉም ነገር በአንዴ ገባት። ልጅቷ እንደሆነች ነገር ቶሎ ይገባታል።

“ለምን አልነገርሽኝም?” ብላ ጮኸች። “ብትነግሪኝ እኮ አልሠራውም ነበር! አንድ ቃል ብትነግሪኝ!”

ሸዋረግ በጥፊ መታቻት። መልሳ አቀፈቻት። ከዚያ ትከሻዋን ይዛ ነቀነቀቻት፤ ፊቷን ከፊቷ አስጠግታ፣ “ከእንግዲህ ማንም፣ ማንም ቢጠይቅሽ አንዲት ቃል እንዳትመልሺ! ገባሽ?” አለቻት።

“ገባኝ።”

እንጀራ በአገልግል፣ ጋቢም ይዘው ቀበሌ ደረሱ። ፀሐይ ጠልቃለች። የታፈሱት ልጆች መጋዘኑ ውስጥ ታጉረዋል፤ ጠዋት የጭነት መኪና ወደ ደሴ ይወስዳቸዋል። በሩ ላይ ዘበኛው ካሳ ቆሟል።

“ለቅኔ ተማሪው ስንቅ ነው?” አለ። “ጎጃም ቅርብ ናት ለካ! እኛማ አባይን መሻገር ይጠይቃል ሲባል ነው የሰማነው።”

“በማርያም ካሳ፣ ላንድ አፍታ ዓይኑን ልየው።”

“አብሽሪ፣ አይርበውም።” ወደ ቢሮው ገብቶ ተመለሰ። “ጓድ ላቀው ‘ልጅቷ ትግባ’ ብለዋል። ሽልማቷ ነው። አንቺ አትገቢም።”

ብዙዬ አገልግሉንና ጋቢውን አቅፋ ገባች። ሸዋረግ በተከፈተው በር ጨለማውን ብቻ አየች፤ የብዙ ሰው ላብ ሸተታት። ልጅቷ ብዙም ሳትቆይ ባዶ እጇን ወጣች።

“አገኘሽው? ደህና ነው? መቱት እንዴ?”

“ከንፈሩ አብጧል።”

“ምን አለሽ?”

“‘ጭድ ቤት እንዳለሁ ማን ነገረሽ?’ አለኝ።”

“አንቺስ?”

ብዙዬ መሬት መሬት ታያለች።

“ከዚያ ‘እማዬ ናት?’ አለኝ። ‘መረራት? ሰለቸኋት?’ አለኝ። እጄን ይዞ ደጋግሞ ጠየቀኝ።”

“ምን አልሽው? ብዙዬ፣ ምን ብለሽ መለስሽለት?”

“ማንም ቢጠይቅሽ አትመልሺ አልሽኝ እኮ።”

ሸዋረግ ዘበኛው እግር ላይ ወደቀች። “ካሳ፣ በልጆችህ! አንዲት ቃል! ከዚሁ ቆሜ ልንገረው፣ አልገባም!”

“በቃ፣ መሽቷል” አለ ካሳ፣ እግሩን እየነጠቀ።

“አካሉ!” ብላ ጮኸች ከተንበረከከችበት። “እኔ አይደለሁም ልጄ! እኔ አይደለሁም!”

የሴት ድምፅ ሲሰሙ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ ወደ በሩ ተገፉ። “እማ!” “እማዬ!” “እቴቴ፣ እዚህ ነኝ!” ሁሉም የየራሱ እናት የመጣች መስሎታል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ የልጇን ድምፅ ለመለየት ጆሮዋን ጣለች። አልለየችውም። የእሷም ድምፅ ወደ ውስጥ ይግባ አይግባ አላወቀችም።

ካሳ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገጠመው፤ መወርወሪያውን ጣለና ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረው።