ግማሽ ኪኒን

እኔ ሰው ሲመክረኝ አልወድም፤ ጥፋቴም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለክሊኒኩ የሠራሁት የኮምፒውተር ገጽ ነርሷ ላይ ቤት የጻፈችውን ተቀብሎ ታች መድኃኒት መስኮቱ ጋ ያትማል፤ በሽተኛው ወረቀቱንና ኪኒኑን ይዞ ይሄዳል። ፕሮግራሙን የሚያደናግሩ ምልክቶችን አስቀድሜ እንዳጣራ ተመክሬ ነበር። «ሸዋ በር ላለ ክሊኒክ ማን ምን ይጽፋል» ብዬ ዘለልኩት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ነርሷ ዋፊቃ ጠራችኝ።

«ዮዲ፣ እኔ ግማሽ ብዬ የጻፍኩትን ወረቀቱ ለምን አንድ ይለዋል?»

ኪቦርዷን አየሁት። ግማሽ ሲጻፍ በአንድና በሁለት መሃል የምትገባው የጋደለች ሰረዝ ቁልፍ ተነቅላለች።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«አንድ፣ ሰረዝ፣ ሁለት። ያቺኛዋ ከተነቀለች አራት ቀኗ ነው፤ ወደ ኋላ በተጋደመችው ጻፍኩ። ሰረዝ መቼም ሰረዝ ነው።»

ለሰው፣ አዎ። ገጹ ለተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ለጃቫስክሪፕት ግን ያቺ ወደ ኋላ የተጋደመች ሰረዝ ትእዛዝ ናት፤ ቀጥሎ ያለውን ሁለት ይዛ ወደማይታይ ምልክት ትለውጠዋለች። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ከፊቷ እሷኑ የመሰለች ሌላ ሰረዝ የሚጨምር አንድ መስመር ኮድ ብጽፍ ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር። መዝገቡን ገለጥን።

በአራቱ ቀን ግማሽ የታዘዘላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱን በስልክ አገኘናቸው፤ ደህና ናቸው። ሦስተኛው አባባ ሙሳ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ፣ የልብ ኪኒን፣ በቀን አንዴ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ። ስልካቸው ዝግ ነው።

«ይሄ ኪኒን ከበዛ ልብ ያቆማል» አለች ዋፊቃ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሰው ሊጭን ሲቆም ጮህኩበት።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ። «ንዳ ብቻ» አልኩት።

ቤቱን አጠያይቄ ስደርስ ሶላቱ አልቋል። ልጃቸው ሐዋ በአንድ እጇ ውሃ፣ በሌላው ኪኒኑን ይዛ የተኙት አባቷ ላይ ጎንበስ ብላለች። እሳቸው ጥርሳቸውን ገጥመዋል።

«እንዳትሰጫቸው» አልኳት ከበሩ። «ከክሊኒኩ ነው የመጣሁት። ግማሽ ነበር የታዘዘላቸው፤ በዝቶባቸዋል።»

ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ።

«ያ ረቢ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሳቸው፣ ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኖ ይታየኛል ሲሉ... ኪኒኑ ነው የሚገድለኝ፣ አልውጥም ብለውኝ ነበር። ወረቀቱ ከእርስዎ ይበልጥ ያውቃል አልኳቸው። ትላንትማ አገጫቸውን ይዤ ነው ያስዋጥኳቸው።»

ወደ ሐኪም ልንወስዳቸው ደግፈን ደጅ በቆመው ባጃጅ ውስጥ መሃላችን አስቀመጥናቸው። ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ሐዋ «በእጄ ነው፣ በገዛ እጄ» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም፤ ይህንንም አሰብኩት፣ አልዋሽም።

«ሐዋ፣ አንቺ አይደለሽም» አልኳት። «ወረቀቱን የሚያትመውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የተሳሳተው በእኔ ነው።»

ለቅሶዋን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ እጇን በአባቷ ጀርባ አሳልፋ ራሳቸውን ከትከሻዬ አነሳችና ወደ ራሷ ወሰደቻቸው። የከተማውን መግቢያ ፈላና በርን ስናልፍ ትንፋሻቸው ጠፋብኝ፤ ለመስማት ተጠጋሁ።

«ተይ» አለችኝ፣ «አትንኪያቸው።»