የግመል አንጀት ክር

አይናዲስ ኮንትራባሱን፣ ያን ቆመው የሚጫወቱትን ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ፣ ያገኘችው ሚኤሶ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ሆቴል ዕቃ ቤት ነው። ጣሊያኖች ጥለውት ሲሄዱ፣ ከሰው የሚረዝም ሳጥን የሚወድ ስላልተገኘ ዶሮ ዕንቁላል ትጥልበት ነበር። ጊዜው አርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ እሷም ገና የሃያ ዓመት አልጋ አንጣፊ ነበረች። የሆቴሉ ጌታ ለማገዶ ፍለጪው ሲላት እሺ አለችና አልፈለጠችውም።

ክር አልነበረውም። የበግ አንጀት ጠምዝዛ ሞከረች፤ ሁለቴ ስትስበው ተበጠሰ። ግመል አራጁ አብዱረዛቅ ዘንድ ሄደች።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ» አላት፣ «የግመል አንጀት ለክርስቲያን ምን ያደርግላታል?»

«አልበላውም። አናግረዋለሁ።»

አንጀቱን ፍቃ፣ ጠምዝዛ፣ በሁለት ግራር መካከል ወጥራ አደረቀችው። ያስተማራት የለም። ዋልሱንም ጃዙንም ጠረጴዛ እየወለወለች ከሆቴሉ ሸክላ ለቀመችው። የባቡሩ ፈረንጅ ሠራተኞች የዳንስ ምሽት ላይ የባስ ተጫዋቹ ሰክሮ ሲወድቅ ተነሥታ ቆመች። ፈረንጆቹ መጀመሪያ አቧራ ልትጠርግለት የመጣች መሰላቸው። በኋላ አጨበጨቡላት፤ ጭብጨባቸውም ከምቱ ውጭ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያልዞረችበት የለም። መሰላ መንደር ድረስ ሄዳ በእስላሞቹ ሰርግ ከሴቶቹ ጋር ተጫወተች። ከበሮ መቺዋ ሞሚና «ሳጥንሽ ከበሮዬን አይቅደም» አለቻት፤ አይናዲስ በዕድሜዋ እርማት የተቀበለችው ከዚህች ሴት ብቻ ነው። አሰበ ተፈሪ ጠጅ ቤት ያለው ባለ መሰንቆ ግጥም የማያውቅ መሣሪያ ዲዳ ነው ብሎ ሊያባርራት ቃጣው፤ በወሩ ያለሷ አፉን አይከፍትም። እንዲህ እንዲህ ስትል የታደሰ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ገባች።

ታደሰ ሳክስፎን ይነፋል። አዲስ አበባ ሦስት ወር ተቀምጦ የተመለሰ ሰው ነው፤ በነዚያ ሦስት ወሮች ዘጠኝ ዓመት ኖረባቸው። «አዲስ አበባ ሳለሁ» ሳይል ውሃ አይጠጣም። ጃዝ የሚለውን ቃል በአፍንጫው ያወጣዋል። ተጫዋቾቹን በየስማቸው አስተዋውቆ ሲያበቃ «ባሷም አለች» ይላል፣ እንደ ወንበር።

በሃምሳ ሰባት የፊታውራሪ አጥናፉ ልጅ ልትዳር ሆነ፤ ሙዚቃው ለታደሰ ቡድን ተሰጠ። ሻምበል ጀምበሩ ለሰርጉ እንደሚመጡ ተሰማ። ድሬዳዋ ላይ የአንድ ትልቅ ሆቴል ባንድ የሚመሩ፣ በወታደር ማርሽ ያረጁ ሰው ናቸው። አንድ ባስ ተጫዋች ይፈልጋሉ፤ ሳክስፎን ሞልቷቸዋል። አይናዲስ ነገሩን የሰማች ዕለት እህል አልወረደላትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዳንኪራና ጭብጨባ መለየት ለማይችል ሕዝብ ስትጫወት ኖራ፣ አንድ ጆሮ ያለው ሰው ሊሰማት ነው። ታደሰም አልወረደለትም፤ እሱ ካልሄደ እሷ ለምን ትሄዳለች? በሰርጉ ጧት የሙሽሪት እናት ወይዘሮ ሳህሊቱ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብሎ የክሩን ነገር ነገራቸው።

«ልጄ፣ እውነት ነው?» አሉ ወይዘሮዋ። «የግመል ነው?»

«እውነት ነው፣ እሜቴ።»

«በጾም በጸሎት ባሳደግኋት ልጅ ሰርግ ላይ?»

«ሙሽሪት አትበላውም፣ እሜቴ።»

ሴቶቹ አማተቡ። ወጡ ውስጥ የገባው ጨው በግመል ጀርባ ተጭኖ መምጣቱን ያስታወሰ የለም። ግማሾቹ ትውጣ አሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ያለ ባስ ሰርግ እንደ ድሃ ተዝካር ይሆንብናል አሉ። በመጨረሻ የነፍስ አባትየው መላ መቱ፦ ጠበል ይረጭበትና ትጫወት። ሁሉም እፎይ አለ። አንጀት ውሃ ሲጠጣ እንደሚረግብ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እሷና ታደሰ።

«አባ፣ እንጨቱን ይርጩልኝ። ክሩን ይተዉልኝ።»

«የረከሰውስ ክሩ አይደል እንዴ፣ ልጄ?» አሉ አባ፣ የዋህ ሰው ናቸው። እጃቸውም አይሰስትም፤ የጠበሉን ጠርሙስ አራገፉበት።

ዳሱ ሞልቷል። ሻምበል ጀምበሩ ከፊታውራሪ ጎን ተቀምጠዋል። ታደሰ ከሚያውቁት ሁሉ ፈጣኑን ጃዝ ጠራ። አይናዲስ አንዱን ክር ብትነካው እንደ ታመመ በሬ አጉረመረመ። መቃኛውን አጠበቀች፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ረገበ። ድምፁን ክሩ ላይ በቦታው የተማረ ሰው ቢሆን እዚያው ሰጥሞ ይቀር ነበር። እሷን ግን ቦታውን ያሳያት ማንም የለም፤ በጆሮዋ ነው የምታድነው። ክሩ ሲረግብ ጣቷ ወደ ታች ወረደ፤ ሌላ ሲረግብ ሌላ ወረደ። ክፍቱን፣ በጣት ያልተጫነውን ክር ጨርሶ አልነካችም። ድምፁ በየዙሩ ከሸሸበት እየተገኘ፣ ምቱ ሳይዛነፍ ሄደ። ታደሰ ትሳሳታለች ብሎ ጆሮውን ስለሰጣት የራሱን መግቢያ ሁለቴ ሳተ።

ሰው ጨፈረ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተነሡ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ትከሻቸውን እየነቀነቁ ወደ ጎረቤታቸው ዘወር አሉ።

«አየሽልኝ? ጠበሉ እንዴት እንዳሰመረው!»

አይናዲስ ሰማች። ላብ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ጣቷ ደም እየቋጠረ፣ ሰማች። ልትመልስላቸው አልፈለገችም፤ ለነማን ብላ?

ጨዋታው ሲያበቃ ሻምበል ጀምበሩ መጥተው ባሱን በሌባ ጣታቸው ዳሰሱት። ጣታቸው ረጠበ።

«ክሩ ስንት ወረደብሽ?»

«ሲጀመር ግማሽ ድምፅ። ሲያልቅ አንድ ሙሉ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

የረጠበ ጣታቸውን ኮታቸው ላይ ጠረጉ። ከዚያ ሰኞ ድሬዳዋ እንድትደርስ ነገሯት። እሷም እሺ አለች።

ታደሰ በመካከል ገባ። ቡድኑን እሱ እንዳቋቋመው፣ ባሷንም እሱ እንዳሠለጠናት፣ እሱንና እሷን መለያየት ግፍ እንደሚሆን አስረዳ። አዲስ አበባ ሳለም እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እንደማያውቅ ጨመረበት። ሻምበሉ ሰምተው ሲያበቁ ወደ እሷ ዞሩ።

«አብራችሁ የተጫወታችሁ እናንተ ናችሁ። ይምጣ ትያለሽ?»

አይናዲስ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለች።

«ይምጣ፣ ሻምበል። ከኔ ግማሽ ምት ዘግይቶ መድረስ ልማዱ ነው። ባቡሩ ከጠበቀው ይምጣ።»

ሻምበል ጀምበሩ ሳቁ። ታደሰም ሳቀ፣ ግማሽ ምት ዘግይቶ።