ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን ነጥቦች

ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«አበላሸሽው!» አሉ አዛውንቱ ካርታ ነዳፊ። ይህን ሲሉ ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ጀርባቸውም መደገፊያውን አልነካም።

«ምንም አልሆነ አባዬ። ያዘዝኩትን ማሳየት አቃተው እንጂ አልተበላሸም። አሥራ አምስት ሰከንድ ጠብቆ ወደ ነበረበት ይመለሳል።»

«ማን ነግሮት?»

«ማንም። ‹ይታይሻል ወይ?› ብሎ ይጠይቀኛል። ዝም ካልኩት እንዳልታየኝ ይገባዋል።»

«እንግዲያስ ከብዙ አለቃ ይሻላል» አሉ፤ ልጃቸውም ሳቋን ዋጥ አደረገች።

አዛውንቱ በዚህ የካርታ ሥራ ቢሮ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው በጡረታ የተሰናበቱ ናቸው። ባልደረቦቻቸው «ማስመሪያ» ይሏቸው ነበር፤ ስሙ የወጣላቸው ከሥራቸው ይልቅ ስለ አቋማቸው ቀጥ ማለት ነው። ልጃቸው ዛሬ በዚያው ቢሮ የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኛ ናት። የማኅደሩ ክፍል ስለሞላ፣ በእጅ የተነደፉት የቀድሞ ካርታዎች በስካነር እየተነሡ፣ የሚነበበው እንዲቀመጥ፣ የማይነበበው ወደ ወረቀት መፍጫ እንዲላክ ታዟል። የአባትየው የሁለት ዓመት ልፋት የሆነው አሥራ አራተኛው ካርታ ከሚፈጩት ጋር ተመዝግቧል። በተለመደው ስክሪን ላይ ሲያጎሉት ቁራጩ ብቻ ይታያል፤ ሙሉውን ሲያሳዩት ደግሞ መሥመሩ ሁሉ እርስ በርሱ ተላቁጦ የጢስ እድፍ ይመስላል። ኃላፊው «ደብዛዛ» ብሎ ፈርሞበታል። ልጅቱ ደጅ ጠንታ ያገኘችው ጊዜ እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ትልቁን ስክሪን ከስብሰባ አዳራሽ አስመጥታ፣ የግራፊክስ ካርዱ የሚችለውን የመጨረሻ ሪዞሉሽን፣ ማለትም የነጥብ ብዛት፣ ልታስገባ ተቀምጣለች።

«ያስቸገረን ኬብሉ ነው» አለች። «ይህን ሁሉ ነጥብ በሰከንድ ስልሳ ጊዜ አመላልስ ስለው አልቻለም። ሠላሳ ላድርግለት።»

«ሸክሙ ከበደው በዪኛ።»

«ሸክሙንስ አልቀንስለትም፤ ምልልሱን ነው የምቀንስለት።»

«ነጥቡ ስንት ነው?»

«በአግድም ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ፣ በቁም አራት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ።»

አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው በልባቸው አባዙት። «ከሠላሳ ሦስት ሚሊዮን ያልፋል።»

«እርስዎ እያሉ ማሽን ምን ያደርግልኛል?»

«አታባብዪኝ። ሰዓቱን ተመልከቺ።»

ስክሪኑ እንደገና ጠቆረ። ልጅቱ ጣቷን በቁልፉ ላይ አዘጋጀች። ጥቂት ቆይቶ ቦግ አለ፤ እርሷም ጥያቄው ሳያልፍባት ፈጥና አጸደቀችው። በስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ሁሉ ተኮማትሮ የጉንዳን እንቁላል አክሏል።

«ይህን ሁሉ የደከምሽው ለማሳነስ ነው እንዴ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ» አለችና ካርታውን ከፈተችው።

አዛውንቱ ከወንበራቸው ተነሡ። መነሣታቸውን ግን ራሳቸውም አላወቁትም።

በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ ማጉያ መነጽር ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም። መነጽር ግን የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ስፍራ ያሳያል እንጂ ያን ሁሉ አገር ከነዝርዝሩ በአንድ ጊዜ አያሳይም። አሁን በፊታቸው የቆመው እንዲያ ያለ ነገር ነበር። ተራራው ከነቁልቁለቱ፣ ቁልቁለቱም ከነጭረቱ፤ እያንዳንዱ ጭረት ከጎረቤቱ ተለይቶ፣ ወፍሮ ጀምሮ ቀጥኖ አልቋል። የወረቀቱ ክር ይታያል። ብዕር ቀለም ጠቅሶ የተመለሰበት ቦታ ጠቆር ብሎ ይታያል። አንድ ሰው በአርባ ዓመት ዕድሜው የተነፈሰው ትንፋሽ ሳይበተን ተጠብቆ የቆየ ይመስል ነበር።

«ወይ ጉድ!» አሉ በቀስታ። «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

«እጄ ይህን ያህል ያውቅ እንደ ነበር አላወቅሁም።»

ልጅቱ ወደ አንድ የእግር መንገድ ዱካ አመለከተች። «እነዚህ ምንድን ናቸው? በየመሥመሩ ላይ እንደ ሸንበቆ አንጓ ያሉት?»

«ርምጃዬ ነው። የቢሮው ደንብ፣ ነዳፊ በእግሩ ያልሄደበትን እንዳይነድፍ ይከለክል ነበር። በየመቶ ርምጃው ደብተሬ ላይ ነጥብ አኖራለሁ፤ ወደ ወረቀቱ ሳሻግረውም ብዕሬ በየነጥቡ ላይ ለቅጽበት ታርፋለች። በባዶ ዓይን አይታይም ነበር።»

«አሁን ታየ።»

አዛውንቱ አንጓዎቹን በጣታቸው እየተከተሉ ዱካውን ወጡ፣ ገደሉን ዞሩ፣ ወደ ምሥራቁ ጅረት ወረዱ። በኮረብታው ግርጌ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ እስከ ጅረቱ መሻገሪያ ድረስ አንጓ የለም። መሥመሩ እንደ ሐር ክር ለስላሳ ሆኖ፣ አንዴም ሳያመነታ፣ ተጠማዝዞ ይወርዳል። በዚያ ሳምንት ወባ ጥሏቸው ሦስት ቀን ከድንኳን አልወጡም ነበር፤ የጅረቱን አካሄድ የነገራቸው የጭነት በቅሎ ነጂው ነው። ለማንም አልተናገሩም። ከጊዜ በኋላም ለራሳቸው መናገሩን ትተውት ነበር።

በሩ ተከፍቶ ኃላፊው ገባ። ሊናገር የመጣውን ረስቶ አፉን በእጁ ያዘ።

«ጋሼ፣ ይህ በእጅ የተሠራ ነው?»

«በእጅና በእግር» አለች ልጅቱ።

«እኔ ደብዛዛ ያልኩት ይህን ነው?» ወደ ስክሪኑ ቀረበ፤ ደግሞ ቢነካው የሚጠፋ ይመስል ራቀ። «በተለይ ይቺ ጅረት! ከሁሉም ይቺ ታምራለች። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አሁኑኑ ከዝርዝሩ ላይ ይሰረዛል።» ከያዘው ማኅደር አንድ ቅጽ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ነዳፊው በሕይወት ካለ ማረጋገጫ ይፈርማል። ‹ሁሉን በእግሬ ሄጄ፣ ለክቼ ነደፍሁ› ነው የሚለው፤ ከሥር ይፈርሙልኝ።»

«ባይፈረምስ?»

«ያልተረጋገጠ ካርታ ማስቀመጥ አልችልም። እንዲያው ለወጉ ነው እንጂ፣ እርስዎን ማን ይጠራጠራል?» አለና ማኅደር ክፍሉን ለማነጋገር ስልኩን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

አዛውንቱ ብዕሩን አነሡ፤ አልጻፉም። ልጃቸው ዓይናቸው የተተከለበትን ተከትላ ጅረቱን አየች። በዓይኗ ከኮረብታው ወደ መሻገሪያው ወረደች፣ ተመልሳ ወጣች። አንድም አንጓ አላገኘችም፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «ሪዞሉሽኑን ልመልሰው? ሁለት ቁልፍ ነው። ኃላፊው አይተውታል፣ ወደውታል፤ ከእንግዲህ ማንም ይህን ያህል ቀርቦ አያየውም።»

«ሁለት ቁልፍ ብቻ?»

«ሁለት ብቻ።»

አዛውንቱ ስክሪኑን ተመለከቱ። በእግራቸው የሄዱበት ሁሉ እየተንገዳገደ፣ እያረፈ፣ እየተነሣ ይሄዳል፤ በመካከሉ ያቺ አንዲት መሥመር ያለ ድካም ትፈስሳለች። እውነቱ በዚህ መጠን ከሐሰቱ ተለይቶ ይታያል ብለው አስበው አያውቁም። ፈሩት፤ ግን ዓይናቸውን ሊነቅሉለት አልቻሉም።

«ማኅደር ክፍሎች ወረቀቱን ሊወስዱ እየመጡ ነው» አለ ኃላፊው ከመስኮቱ ዞሮ።

«ጥቂት ይቆዩ» አሉ አዛውንቱ። ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ «ሁሉን» በሚለው ቃል ላይ በጥንቃቄ አንድ ቀጭን መሥመር አሳልፈው ሰረዙት።

«ጋሼ?» አለ ኃላፊው።

አዛውንቱ ብዕሩን እንደያዙ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ኮረብታውን ቀረብ አድርጊልኝ። አንጓው ከየትኛው ነጥብ ላይ እንደቆመ በትክክል መጻፍ አለብኝ።»