አውድማው ላይ የተሠራው ትምህርት ቤት

«ቀጣይ!» አለች መዝጋቢዋ ክብረት፣ ደብዳቤውን አንብባ ሳትጨርስ በጠረጴዛው ላይ መልሳ እየገፋች።

ገዲሴ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከኋላዋ የተሰለፉት ወላጆች በትከሻቸው ይገፏት ጀመር። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጇ ሴና ቀሚሷን ጨብጣ ይዛለች። በደብዳቤው ላይ ያለውን ማኅተም ለማስመታት ገዲሴ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደጅ ሁለት ቀን ውላለች።

«ምን ጎደለው?» አለች።

«እማማ፣ ነገርኩዎት እኮ። ይሄ የገበሬ ማኅበር ደብዳቤ ነው። እኛ የምንቀበለው የቀበሌ ነው፤ የቤት ቁጥር ያለው።»

«ቤቴ ያውና! በመስኮቱ ይታይሻል። ከአጥሩ ማዶ፣ ባሕር ዛፉ ሥር።»

«ከአጥሩ ማዶ ቀበሌ አይደለም፤ ገጠር ነው።»

የ1989 ዓ.ም. ምዝገባ የመጨረሻ ቀን ነበር። የሴናን ታላቅ ወንድም ኢሉን ካቻምና በዚሁ ምክንያት መልሰውታል። «ለከርሞ ይምጣ» ብለውት ነበር። ከርሞም ሌላ ከርሞ ወለደ፤ ልጁ ዛሬ ከላፍቶ ወንዝ በአህያ አሸዋ ያመላልሳል። ገዲሴ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች።

«አንቺ ልጅ፣ የተቀመጥሽበት ቦታ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? አውድማችን ነው! ባሌ ደገፋ ጤፍ የሚወቃበት!»

አልዋሸችም። ደገፋ የራሱ ከነበረችው ጥቂት መሬት እኩሌታውን ለትምህርት ቤት የሰጠው በ1961 ዓ.ም. ነው። ያኔ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። በሬዎቹን ዝናብ ላይ አውጥቶ በረቱን ለአሥራ አንድ ልጆች ለቀቀላቸው። በዓመቱ ወላጆች ጭቃ ረግጠው አራት ክፍል ሠሩ፤ ማገሩንም ምሰሶውንም ከራሱ ባሕር ዛፍ የቆረጠው እሱ ነው። ከዚያ ደርግ መጣና የትምህርት ቤቱን ስም ቀየረ። በ1983 ዓ.ም. ሲሸሹ እዚህ ያደሩ ወታደሮች ዴስኮቹን አንድደው እሳት ሞቁ፤ በማግሥቱ ደገፋ የተረፉትን እግሮች ለቅሞ እንደገና መዶሻ አነሣ። ይህ የድንጋይ ሕንፃ ከሦስት ዓመት በፊት በእርዳታ ሲሠራ እሱ አልነበረም፤ ሞቶ ነበር። ሕንፃው ሲያልቅ አጥር መጣ። አጥሩ ሲያልቅ ገዲሴ ከውጭ ሆነች።

ጩኸቱን ሰምተው ርዕሰ መምህሩ አቶ ግዛው ከቢሯቸው ወጡ። ወደዚህ ከተዛወሩ ዓመት አልሞላቸውም።

«እናት፣ ደንብ ነው። እኔ ያወጣሁት አይደለም።»

«ማን አወጣው? እዚህ እናንተ ሳትመጡ እኔ ነበርኩ!»

አቶ ግዛው ግድግዳው ላይ በመስታወት ወደ ተሰቀለው ጽሑፍ አመለከቱ። «የትምህርት ቤቱ ታሪክ ይኸው ተጽፏል» አሉና አነበቡላት፤ «በ1970 ዓ.ም. በመንግሥትና በአካባቢው ነዋሪ ትብብር ተመሠረተ።» ከጽሑፉ ቀና አሉ፤ «የአካባቢው ነዋሪ ሲል እኮ እናንተንም ይጨምራል።»

«በሰባ?» ገዲሴ ሳቀች። «በሰባ ቆርቆሮው ራሱ ዝጎ ነበር! እኔን የሚጨምረኝ ታሪኩ ላይ ነው? መዝገቡ ላይ ለምን አይጨምረኝም? ጠዋት ጠዋት ሻይዎ ውስጥ የሚገባው የማን ወተት ነው? ወተቴ በዚህ በር ሲገባ የቤት ቁጥር የጠየቀው የለም!»

አቶ ግዛው ፊታቸው ቀላ። ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

ያኔ ከመዝጋቢዋ ኋላ ቆሞ የነበረው መምህር ማሞ ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት። በዚያ በረት ውስጥ መጀመሪያ ያስተማረው እሱ ነው፤ ሁለት ክረምት ቤታቸው አድሮ ከእጇ በልቷል። አሁን ጠጉሩ ገብስማ ሆኗል።

«እትዬ ገዲሴ፣ አይጩኹ። መላ አለኝ» አለ በሹክሹክታ። «እኔ የቀበሌ ነዋሪ ነኝ። ልጄ ናት ብዬ ላስመዝግባት። ሴና ማሞ ትባል። ወረቀት ላይ ብቻ እኮ ነው።»

ገዲሴ ክንዷን ከእጁ አስለቀቀች።

«አባቷን ጉርሜሳን አስተምረኸዋል አይደል?»

«አስተምሬዋለሁ። ጎበዝ ነበር።»

«ለጦርነት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። መቃብር እንኳን የለው። የቀረው ስሙ ነው፣ እሱም እሷ ላይ ነው። እሱን ነው የምትፍቅልኝ?»

«እትዬ፣ እኔ ለልጅቷ ብዬ...»

«ለልጅቷ ብለህ እዚያ ጋ ጮክ ብለህ አትናገርም ነበር? በረቱ ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ! በስድሳ አንድ ጠመኔውን የያዝከው አንተ ነህ! ሰውየው ሰባ ብሎ ሲያነብ ጫማህን ታያለህ።»

ማሞ አንገቱን ደፋ። «ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው» አለ።

ገዲሴ ትታው ሄደች። ወደ መውጫው ስትሄድ ሰልፈኞቹ በእፎይታ መንገድ ለቀቁላት። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞረችና ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ሴናን አጠገቧ አቆመች። ተራምዷት ካልሆነ በቀር ሰው አይገባም፤ በእሷ ዕድሜ ያለችን ሴት ደግሞ የሚራመድ አልተገኘም።

«እማማ፣ እኛም ሥራ አለን» አለ አንድ ጎልማሳ።

«ግባ። ከቻልክ ግባ።»

ዘበኛው በንቲ እንዲያስነሣት ተጠራ። እሱም የአጥሩ ማዶ ሰው ነው። መጣ፣ ተመለከታት፣ «በሩ ላይ ሰው የለም» ብሎ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ መጣ። ሰልፉ ውጭ እየረዘመ፣ ጃንጥላ የሌለው እየተነጫነጨ ሄደ። ገሚሱ ገዲሴን ተቆጣ፣ ገሚሱ አቶ ግዛውን። ስድስት ሰዓት ሲል ርዕሰ መምህሩ አንገታቸውን በበራቸው ብቅ አደረጉ።

«ክብረት! ጻፊያት በቃ። ሌላውን በኋላ እናየዋለን።»

ክብረት መዝገቡን ገለጠች። «ስሟ?»

«ሴና ጉርሜሳ ደገፋ» አለች ሴና፣ አያቷ አፍ ከመክፈቷ በፊት።

ሰልፈኛው እፎይ አለ። ገዲሴ ጉልበቷን ደግፋ ተነሣችና ጠረጴዛው ጋ ቀርባ መዝገቡን አየች። ፊደል አልቆጠረችም። ከላይ ያሉት ስሞች ሰማያዊ፣ የሴና ግን ግራጫ መሆኑን ለማየት ደግሞ ፊደል አያስፈልግም።

«ለምንድን ነው በእርሳስ የጻፍሽው?»

«ለጊዜው ነው እማማ። ቀበሌው ሲፈቅድ በእስክሪብቶ እናደርገዋለን።»

«ባይፈቅድስ?»

ክብረት መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች። ከኋላ አንዱ «አሁንስ ምን ቀራት?» ሲል አጉረመረመ።

ገዲሴ ነጠላዋን አጣፋች። ወደ በሩ ተመለሰችና ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ በእጇ አጠገቧ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገችላት ለሴና።

«ታኢ» አለቻት። «ተቀመጪ። ገና ነን።»